ለኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቴ ሜንቴነር፣ ማለትም ኮዱን የሚንከባከብ ሰው፣ ያገኘሁት እንዲህ ነው
«ሜንቴነር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ) ላይ ለጥፌ ከረምኩ። ዝም! ኮከብ የሚሰጥ ሞልቷል፣ እጁን የሚያወጣ ግን የለም።

የምፈልጋቸው ሰዎች ጊት ሎግ (የኮድ ለውጦች መዝገብ) ውስጥ ነበሩ። ደጋግመው ፑል ሪኩዌስት (ይግባልኝ የሚሉት የኮድ ለውጥ) የላኩትን ለይቼ ለየብቻ ጻፍኩላቸው። «ተረከቡኝ» አላልኩም፤ እንዲህ ሲባል ማንም ይሸሻል። «ይሄን የፓርሰር ክፍል አንተ ብትይዘውስ?» ነው ያልኩት። ሁለት ሰዎች እሺ አሉ።

ቁልፉን ግን ወዲያው አልሰጠሁም። በ2018 ኢቨንት ስትሪም የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ባለቤት ለማያውቀው ፈቃደኛ አስረክቦ፣ የቢትኮይን ዋሌት ለመዝረፍ የታለመ ኮድ ገብቶበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢሹ (ሰዎች የሚያቀርቡትን ችግር) የማስተካከል፣ ቀጥሎ መርጅ የማድረግ (ለውጦችን ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት) ፈቃድ ሰጠሁ። ፓኬጁን ለተጠቃሚዎች የማውጣት መብት የመጣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካበሩ በኋላ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ የነበረውን የሪሊዝ (አዲስ ቨርዥን የማውጣት) አሠራርም ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እንዴት እንደሚሰለች!

የመጨረሻውን ቨርዥን ያወጡት እነሱ ናቸው። እኔ ያየሁት ከወጣ በኋላ ነው።