የጃቫ ቴስት ፋይሉን ሲያጣው፦ የክላስ ሎደር ችግርን እንዴት እንደምንፈታ

ሐረር ላይ ለአስጎብኚዎች የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም አለ እንበል። የጁገልን (የሐረርን የግንብ አጥር) አምስት ጥንታዊ በሮች፣ ማለትም ሸዋ በርን፣ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርን፣ ኤረር በርንና ፈላና በርን ከሲኤስቪ ፋይል ያነባል። ክላሱ «በርአንባቢ»፣ ፓኬጁ «ሐረር.ጁገል»፣ ፋይሉ «በሮች.ሲኤስቪ» ይባላል። ቴስቱ አምስት በር መነበቡን ያረጋግጣል። ፕሮግራሙ በደንብ ይሠራል፤ ቴስቱ ግን በነልፖይንተር ኤክሴፕሽን፣ ማለትም ነል (ባዶ፣ የሌለ ነገር) ለመጠቀም ሲሞከር በሚመጣ ስህተት ይወድቃል። ፋይሉን የሚፈልገው ክላስ ሎደር፣ ማለትም ክላሶችንና አብረዋቸው ያሉ ፋይሎችን (ሪሶርሶችን) የሚያገኘው የጃቫ ክፍል ነው።

1. ፋይሉ ተገልብጦ እንደሆነ እዩ

ቴስቱ የሚያነበው ሶርስ ፎልደራችሁን ሳይሆን የተገለበጠውን ነው። ፕሮግራሙን የምትገነቡበት መሣሪያ ሜቨን ከሆነ፣ በኤስአርሲ/ቴስት/ሪሶርስስ ውስጥ ያለውን ወደ ታርጌት/ቴስት-ክላስስ ይገለብጣል። ሌላው የመገንቢያ መሣሪያ ግሬድል ደግሞ ወደ ቢልድ/ሪሶርስስ/ቴስት ይወስደዋል። ከጃቫ ኮዱ ጎን፣ በኤስአርሲ/ቴስት/ጃቫ ውስጥ የተቀመጠ ሲኤስቪ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ቴስቱን አንዴ አስኪዱና ፋይሉን በተገለበጠበት ቦታ በዓይናችሁ እዩት። እዚያ ከሌለ ኮዱን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። በስሙ ውስጥ ያሉትን ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደሎችም አመሳክሩ፤ ዊንዶውስ ላይ የሚያልፈው ልዩነት ሊኑክስ ላይና ጃር (የታሸገው የጃቫ ፕሮግራም ፋይል) ውስጥ አያልፍም።

2. ማን እንደሚፈልግና ከየት እንደሚጀምር ለዩ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጌትሪሶርስአዝስትሪም የሚባለው ሜተድ ክላስ ላይም ክላስሎደር ላይም አለ። ስማቸው አንድ ነው፤ ፍለጋ የሚጀምሩበት ቦታ ግን ይለያያል።

ክላሱን ስትጠይቁት «በሮች.ሲኤስቪ» ካላችሁ ከራሱ ፓኬጅ ይነሳል፤ ሐረር/ጁገል/በሮች.ሲኤስቪን ይፈልጋል ማለት ነው። ከፊቱ ስላሽ አድርጋችሁ «/በሮች.ሲኤስቪ» ስትሉት ግን ከክላስፓዙ (ጃቫ ክላሶችንና ፋይሎችን ከሚፈልግባቸው ቦታዎች) ሥር ይጀምራል። ክላስሎደሩ ፓኬጅ የሚባል ነገር አይቆጥርም፤ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሥር ነው። ስለዚህ ስላሽ አይፈልግም፤ ብታስቀድሙለት ነል ይመልሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮድ ስትገለብጡ ስላሹን አብራችሁ ካላስተካከላችሁ ፋይሉ ይጠፋል።

ነገሩን የሚያከብደው ሜተዱ ፋይሉን ሲያጣ ስህተት አለመወርወሩ ነው። ነሉን ዝም ብሎ ይመልሳል፤ ውድቀቱ የሚታየው ስትሪሙን ማንበብ ስትጀምሩ፣ ከዚያም አልፎ ሌላ ክላስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን እዚያው በኦብጀክትስ.ሪኳየርነንነል ያዙት፣ መልእክቱ ላይም የተፈለገውን ሙሉ ስም ጻፉበት።

የአንድን ኦብጀክት ክላስ የሚመልሰው ጌትክላስም ወጥመድ አለበት። የጋራ የቴስት ክላስ «ሐረር.ጁገል» ውስጥ ቢኖርና «ድሬዳዋ.ከዚራ» ውስጥ ያለ ቴስት ቢወርሰው፣ ጌትክላስ የሚመልሰው ወራሹን ነው። ፍለጋውም ወደ ድሬዳዋ/ከዚራ ይሄዳል፤ ፋይሉ ያለው ግን ሐረር ነው። መፍትሔው የክላሱን ስም በቀጥታ መጥራት ነው፦ በርአንባቢ.ክላስ.ጌትሪሶርስአዝስትሪም("በሮች.ሲኤስቪ")። እኛ ከሁሉም የምንመርጠው ይህን አጻጻፍ ነው፤ ክላሱም ፋይሉም በአንድ ፓኬጅ ስለሚሆኑ ማን ምን እንደሚያነብ ወዲያው ይታያል።

3. የተገኘው ፋይል የትኛው እንደሆነ አትሙ

ፋይል ተገኘ ማለት ትክክለኛው ፋይል ተገኘ ማለት አይደለም። በሜቨን ቴስት ክላስፓዝ ላይ ቴስት-ክላስስ ከክላስስ ይቀድማል። በዋናው ሪሶርስስ ውስጥ አምስቱ በሮች ቢኖሩና በቴስት ሪሶርስስ ውስጥ በዚያው ስም የተቀመጠው ፋይል ኋላ የተከፈተውን ሐረር በርን ጨምሮ ስድስት ቢይዝ፣ ቴስቱ ስድስት ይላል። የባሰው ተቃራኒው ነው፦ የቴስቱ ፋይል ትክክል ሆኖ ዋናው ሲበላሽ ቴስቱ ያልፋል፣ ተጠቃሚው ጋ የሚደርሰው ግን የተበላሸው ነው። የጌትሪሶርስን ዩአርኤል አትሙት። ሁለት መኖሩን ከጠረጠራችሁ ክላስሎደሩ ላይ ያለው ጌትሪሶርስስ ሁሉንም ይዘረዝርላችኋል። ለቴስት ብቻ የሚሆነውን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጡት።

4. የትሬዱን ክላስ ሎደር በግምት አትጠቀሙ

ትሬድ.ከረንትትሬድ.ጌትኮንቴክስትክላስሎደር እንደ ሁለገብ መድኃኒት ሲታዘዝ ይታያል። ለፍሬምወርክ ጸሐፊ ይጠቅማል፤ የራሳችሁን ፋይል ለማንበብ ግን አያስፈልጋችሁም። ከጃቫ 9 ጀምሮ ፓራለልስትሪም የሚሠራባቸው የፎርክጆይን የጋራ ፑል ትሬዶች (በትይዩ የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) የሚይዙት የሲስተሙን ክላስ ሎደር ነው። እንደ ኳርከስ ያለ የራሱን ሎደር የሚፈጥር ፍሬምወርክ ስትጠቀሙ፣ በዋናው ትሬድ የተገኘው ፋይል ፓራለልስትሪም ውስጥ ሊጠፋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስትሪንግ.ክላስ.ጌትክላስሎደር ብሎ መጠየቅም አይሠራም፤ የጃቫ መሠረታዊ ክላሶች ሎደር ነል ነው።

5. ሪሶርስን ወደ ፋይል አትቀይሩ

ዩአርኤሉን ወስዶ ኒው ፋይል ማለት በራሳችሁ ማሽን ላይ ይሠራል፤ ሪሶርሱ ጃር ውስጥ ሲገባ ግን ዲስክ ላይ ራሱን የቻለ ፋይል የለም። የፎልደሩ ስም ባዶ ቦታ ካለው ዩአርኤሉ ላይ %20 ሆኖ ይመጣል፤ በአማርኛ የተሰየመ ፎልደርም በፐርሰንት ምልክቶች ይሞላል። ይህን በፋይል መንገድነት ብትሰጡት አይገኝም። እዚህ ለንባብ ብለን በፊደላችን ጻፍናቸው እንጂ በፕሮጀክታችሁ ውስጥ ፋይልና ፎልደርን በላቲን ፊደል ሰይሙ፤ አማርኛው በፋይሉ ውስጥ ይሁን። ስትሪም ማንበብ ሁሉም ዘንድ ይሠራል። የግድ የዲስክ ፋይል የሚፈልግ ላይብረሪ ካለ፣ ስትሪሙን ጁኒት 5 በቴምፕዲር በሚሰጠው ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ገልብጡት።

6. ተገኝቶ ፊደሉ ከተበላሸ

ይህ የክላስ ሎደር ጥፋት አይደለም፤ ግን አማርኛ የሚያነብ ቴስት ብዙ ጊዜ ተከትሎ የሚወድቀው በዚህ ነው። የጃቫ ነባሪ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይርበት ደንብ) በሁሉም ማሽን ዩቲኤፍ-8 የሆነው ከጃቫ 18 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ላይ «ሸዋ በር» ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ኢንፑትስትሪምሪደር ስትከፍቱ ስታንዳርድቻርሴትስ.ዩቲኤፍ_8ን ሁልጊዜ ጻፉ። የፕሮፐርቲስ ክላስ ሎድ ሜተድ ደግሞ ስትሪም ሲሰጠው በየትኛውም የጃቫ ቨርዥን አይኤስኦ-8859-1 አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ በዩቲኤፍ-8 የተከፈተ ሪደር ስጡት።