ፕሬድኒሶሎንን በአንዴ አታቁሙ

ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን የምትወስዱ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ። ሻል ስላላችሁ ወይም ፊታችሁ አብጦ ስለደነገጣችሁ ክኒኑን በአንድ ቀን እንዳታቆሙት።

ከኩላሊታችን በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። የደም ግፊታችንንና ስኳራችንን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ክኒኑ የኮርቲሶልን ሥራ ስለሚሠራ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ሲወሰድ እጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ክኒኑ ድንገት ቢቋረጥ ቶሎ አይነቁም። ያኔ አቅም ማጣት፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ ይመጣል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችሁ።

በቀን አንዴ ከሆነ የታዘዘላችሁ፣ ጠዋት ቁርስ በልታችሁ ዋጡት። ማታ እንቅልፍ ይነሳል። የምትጾሙ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ። ኬቶኮናዞል የሚባለው የፈንገስ ክኒንም የኮርቲሶልን ምርት ስለሚገታ፣ ሌላ መድኃኒት ስትገዙ ስቴሮይድ እንደምትወስዱ ለፋርማሲስቱ ንገሩ።

ክኒኑን እያስመለሳችሁ ሆዳችሁ አልይዝ ካለ ግን ነገ ያልፋል አትበሉ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ በመርፌ መውሰድ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።