ሲክባጅ አልሰምር ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ሲክባጅ በመካከለኛው ዘመን ባግዳድ ስሙ የገነነ፣ አቼቶና የቴምር ሽሮፕ የሚገባበት የሥጋ ወጥ ነው። የምከተለው አል-ባግዳዲ የተባለው ጸሐፊ በ1226 እ.ኤ.አ. በምግብ አሠራር መጽሐፉ ያሰፈረውን ነው። አረፋ መግፈፉን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ጥርስ ያጠርሳል፣ ጉሮሮ ይይዛል

በብዛት የምጠየቀው ይሄ ነው። ጥፋቱ የአቼቶው ነው። መጽሐፉ የሚለው የወይን አቼቶ ነው፤ ሰው ግን ለሰላጣ የገዛውን ነጭ አቼቶ ይገለብጥበታል። ያ ለመስታወት መወልወያ ይሁን! አንዷ ወዳጄ እንግዶቿ ሳሎን ተቀምጠው ደወለችልኝ። ስኳር በማንኪያ እየጨመረች ነበር። ወጡ ጣፈጠ እንጂ ሽታው ንቅንቅ አላለም።

አቼቶውንና የቴምር ሽሮፑን መጀመሪያ በሌላ ሳህን ቀላቅሉ። ማርም ይሆናል፤ አል-ባግዳዲ ግን የቴምሩን ያስበልጣል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከየአንዳንዱ ሁለት ሁለት የቡና ስኒ በቂ ነው። ቅመሱት። ኮምጣጣውና ጣፋጩ ከተመጣጠኑ ድብልቁን ወጡ ላይ ጨምሩና በቀስታ አንድ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ሳይቀምሱ መገልበጥ የለም! ከተበላሸ በኋላ ከሆነ የመረቁን ግማሽ ቀድታችሁ አውጡ፣ በሙቅ ውሃ ተኩ፣ ሽሮፕ ጨምሩና ሳትከድኑ አብስሉት።

ካሮቱ አልበስል አለ

አቼቶው ቀድሞ ገብቷል። ኮምጣጣ ነገር አትክልት እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። አንድ ሰው ሲጥደው አምሽቶ "ካሮቱ የድሮ ዘር ነው መሰለኝ" ብሎኛል። ሹካ ካሮቱን ሳይወጋ አቼቶ አይገባም።

ብረት ብረት ይላል

የአሉሚኒየም ድስት ነው። ቀይሩት።

ደበርጃኑ ይመራል

ልጣችሁ፣ ለብቻው በጨው ውሃ ገርበብ አድርጋችሁ ቀቅሉት።

ወጡ አልቀላም

መቅላትም የለበትም። በርበሬና ቲማቲም ከአሜሪካ የመጡት ከ1492 በኋላ ነው። ቀለሙ ከዛፍራን፣ ከአበባ ከሚገኘው ቀይ የቅመም ክር ነው። በርካሽ ዛፍራን ተብሎ የሚሸጠውን ቀለም የተነከረ ክር ግን ተጠንቀቁ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ደህናው ቀስ እያለ ውሃውን ቢጫ ያደርጋል፣ ክሩ ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ወዲያው ቀለሙን ለቆ ክሩ ከነጣ ተታላችኋል። እርድም ዛፍራን አይደለም።

ሳሙና ሳሙና ይሸታል

የጽጌረዳ ውሃው በዝቷል ወይም ፈልቷል። ዘቢቡ፣ በለሱና አልሞንዱ ገብቶ ወጡ ረመጥ ላይ ከሰከነ በኋላ፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ!