ውጭ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ልትሠሩ ነው? እኔ የተሳሳትኩትን አትድገሙት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «ቲቸርዬ፣ እኔም አንቺ እንደሄድሽው ልሄድ ነው» አለችኝ። ስልኳ ላይ ያለው የእኔው ፎቶ ነው፤ ቀይ ጃኬት፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ እግሬ ላይ በበረዶ ላይ የሚያንሸራትተው ስኪ። ሳቄ መጣ። ያን ፎቶ ከመነሳቴ በፊት ሌሊቱን ሙሉ የሚያስመልሰው ልጅ ስይዝ ነው ያደርኩት። እሱ ፎቶው ላይ የለም።

ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ማታ ማደሪያው ውስጥ ተረኛ ነኝ። አሁን ለገጣፎ እናቴ ቤት ነኝ፤ ኮብልስቶኑ አልቆ ባጃጁ «ከዚህ በኋላ አልገባም» የሚልበት ጋ። የሰፈሩ ወጣት በሙሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«መጀመሪያ ልግባ፣ ሥራው እዚያ ይገኛል» ማለት

እዚሁ ሰፈራችን አንድ ልጅ በዚህ ተሸውዷል። «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ ተራራ ላይ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሰው ቸግሯቸዋል፣ በራቸውን አንኳኳ» ያለው ደላላ አለ። ለ«ኮታ ማስያዣ» ተብሎም ገንዘብ ከፍሏል። ኮታ የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ፣ ውሸቱም የጣፈጠው እውነት ስለተቀላቀለበት ነው። ስዊዘርላንድ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ሠራተኛ በቅርብ ዓመታት ስትመድብ የቆየችው በዓመት 8,500 ፈቃድ ነው። ከመላው ዓለም፣ ለሁሉም ሙያ። ግን ማመልከቻውን የሚያስገባው ቀጣሪው ነው። የሚያስገባውም ለካንቶኑ ነው፣ የእኛ ክልል እንደማለት። «እዚህ አገርም አውሮፓ ውስጥም ፈልጌ ሰው አጣሁ» ብሎ ማሳየትም አለበት። እናንተ ኮታ አታስይዙም፣ ደላላም አያስይዝም። የሼንገን፣ ማለትም ስዊዘርላንድን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ የሆነው የጉብኝት ቪዛ ደግሞ ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ ሥራ አያስቀጥርም።

እኔ ምን ነበረኝ? ፈረንሳይኛ፣ ሒሳብ፣ የአሥር ዓመት ልምድ። እና ዕድል። ዕድሉን ካልቆጠርኩ ውሸታም እሆናለሁ።

ሰዓት መሳት

ቃለ መጠይቄ በኦንላይን ነበር። በእነሱ 15:00 አሉኝ። ስዊዘርላንድ ከእኛ በ2 ሰዓት ወደኋላ ናት ብዬ 17:00፣ ማለትም በሐበሻ 11 ሰዓት አልኩ። ዳታ ሞላሁ፣ መብራት እንዳይጠፋ ጸለይኩ፣ እናቴ ዶሮዎቹን ከጓሮ አባረረችልኝ፣ ልክ በ11 ገባሁ። አንድ ሰዓት አርፍጃለሁ! ለካ በማርች የመጨረሻው እሁድ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፉታል፤ ከዚያ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ልዩነታችን 1 ሰዓት ብቻ ነው። እግዜር ይስጣቸው ሌላ ቀን ቀጠሩኝ። ለመስከረም የሚሆን መምህር የሚፈለገው ደግሞ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ሰዓቱ የሚቀየረው እናንተ ቀጠሮ በምትጠብቁበት ሰሞን ነው።

እግረ መንገዴን፤ የልደት ቀናችሁ አንዱ ሰነድ ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ ከሆነ አሁኑኑ አስተካክሉት። ለእነሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናችሁ።

ቅዳሜና እሁድ የእናንተ ይመስላችኋል

አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ልጆቹ ማታ ቤታቸው የማይገቡበት ትምህርት ቤት ነው። ግልጽ ነው አይደል? እኔ ግን እስከ ኅዳር ድረስ አልገባኝም ነበር። ሌላ ቦታ አስተማሪ ዓርብ ማታ ይፈታል። እዚያ ሥራው የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነው፤ ምክንያቱም ክፍል የለም፣ ልጆቹ ግን አሉ።

እኔ በነበርኩበት ከሦስት ቅዳሜና እሁድ ሁለቱን ተረኛ ነበርኩ። ቅዳሜ ማታ እንዲህ ነው። ስልክ ይሰበሰባል፣ አንዱ አሮጌ ስልክ ሰጥቶ አዲሱን ትራስ ስር ይደብቃል። መብራት ይጠፋል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሳቅ ይሰማል፣ ስትደርሱ ሁሉም «ተኝቷል»። ስድስት ሰዓት ላይ አንዱ ሆዱን ያመዋል። ስምንት ሰዓት ላይ ሌላው እናቱ ናፍቃው ያለቅሳል፤ እናቱ ደግሞ ሌላ አህጉር ናት፣ ስልክም አታነሳም። ጠዋት ላይ ሁሉንም መዝገብ ላይ ትጽፋላችሁ፤ ስንት ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ለማን ተነገረ።

ስኪው ራሱ ብዙ ጊዜ ሥራ ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶችና ተራራው የቆየ ወዳጅነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1880 የተመሠረተው «ለ ሮዜ» የሚባል ትምህርት ቤት የበረዶው ወቅት ሲመጣ ተማሪዎቹን ይዞ ከሮል ከተማ ተራራ ላይ ወዳለችው ግሽታድ ይወጣል፤ በ1949 የተከፈተው ኤግሎንም ተራራ መውጣትን የትምህርቱ አካል አድርጎታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ስኪ የምትወጡት እየቆጠራችሁ ነው። አሥራ አራት ወጡ። አሥራ ሦስት ወረዱ። አንዱ የት ገባ? ካፌ ገብቶ ትኩስ ቸኮላታ እየጠጣ ነው፣ የእናንተ ልብ ግን ቆሟል።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ስንት ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር አይደለም። መልሱ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ልጁን እንደ ሰፈር ልጅ መያዝ

ይሄ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር።

እኛ ጋ ልጅ የሁሉም ነው። እኔ ሳድግ መንገድ ላይ ስሳደብ የሰማችኝ ጎረቤት ትቆነጥጠኛለች፤ ቤት ስደርስ እናቴ ትደግመኛለች። ቁንጥጫ እዚያ እንደማይሠራ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ፍቅሩ ነው። ሦስት ጊዜ ጉንጭ መሳም፣ ራስ መዳበስ፣ አቅፎ ማባበል።

አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ማታ ሲያለቅስ አገኘሁት። ጓደኞቹ እንዳያዩትና እንዳያፍር ብዬ ወደ ክፍሉ አስገባሁት፣ በሩን ዘጋሁ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አቀፍኩት። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። «አልናገርም» አልኩት። ተኛ። እኔም ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት የማደሪያው ኃላፊ ጠራችኝ። አልተቆጣችም፣ የባሰው እሱ ነው። ሦስት ስህተት ቆጠረችልኝ። አንደኛ፣ ከልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻ መሆን የለም። በሩ ክፍት፣ ወይም ሰው በሚያይበት ቦታ። ሁለተኛ፣ አልጋው ላይ አይቀመጥም፤ ወንበር አለ። ሦስተኛው ግን እስካሁን የማስበው ነው። ለልጅ «አልናገርም» ተብሎ ቃል አይገባም። ነገ የሚነግራችሁ «ሰው እየጎዳኝ ነው» ብሎ ቢሆንስ? ያኔ ወይ ቃላችሁን ታፈርሳላችሁ ወይ ልጁን ታስጎዳላችሁ። የሚባለው «እሰማሃለሁ፣ ግን ሊረዳህ ለሚችል ሰው መንገር ካለብኝ እነግራለሁ» ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነገር መሰለኝ። አሁን እዚህ ስመለስና የሰፈራችንን ልጆች ሳይ ግን እኛም ብንለምደው እላለሁ።

ፎቶም እንዲሁ። የተማሪ ፊት ያለበት ፎቶ አይለጠፍም። እኔ ብቻዬን የቆምኩባቸው ፎቶዎች የበዙት ለዚህ ነው እንጂ ብቸኛ ሆኜ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ብቸኛም ነበርኩ።

ደሞዙን በብር ማባዛት

ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይተመን ከተባለ በኋላማ ማባዛቱ ሱስ ሆኗል። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን እጃችሁ የሚገባው አይደለም። ለጡረታና ለአካል ጉዳት መድን 5.3 ከመቶ ይቆረጣል፣ ለሥራ አጥነት ይቆረጣል፣ ግብር ከደሞዛችሁ ላይ ይነሳል፣ የሚያኖሯችሁና የሚያበሏችሁ ከሆነም ያ ይሰላል። የጤና መድን ደግሞ በራሳችሁ ነው። በገባችሁ በ3 ወር ውስጥ መግባት ግዴታ ነው። እኔ «ሦስቱ ወር ነፃ ነው» ብዬ ዘና ብዬ ቆየሁ። ነፃ አይደለም፤ ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ወደኋላ ታስቦ ይመጣል። የሦስት ወር ባንዴ! ያን ወር የበላሁት የትምህርት ቤቱን ምግብ ብቻ ነው፤ ያውም ሁዳዴ ነበር፣ እዚያ ደግሞ አይብ የሌለበት ነገር ውሃ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፦ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ለአንድ ቀጣሪ ከሠራችሁ ከሥራ ውጭ የሚደርስ አደጋም፣ የስኪውም ጭምር፣ በቀጣሪው በኩል መድን አለው። ስለዚህ የጤና መድኑ ላይ «አደጋ» የሚለውን አውጡት፣ ሁለቴ አትክፈሉ። ሁለተኛ፣ ስዊዘርላንድ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ያልፈረመችለት አገር ዜጋ ቢያንስ 1 ዓመት ከከፈለ፣ ጠቅልሎ ሲወጣ ከዚያ መዋጮ የጡረታው ድርሻ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ወረቀታችሁን አትጣሉ።

«የሱሉልታ ብርድ ያሳደገኝ ነኝ»

ብያለሁ። ጮክ ብዬ። እውነትም ከፍታው አያስቸግራችሁም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዜርማት የምትባለው ታዋቂ የስኪ ከተማ 1,600 ገደማ። ያ በየቸኮላታው ላይ የሚሳለው ማተርሆርን ራሱ 4,478 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሽን ይበልጠዋል። ፈረንጆቹ ደረጃ ሲወጡ ሲያለከልኩ እኔ እያፏጨሁ ነበር።

ብርዱ ግን ሌላ ነው። እኛ በረዶ የምንለው ቆርቆሮ ላይ ተንኳኩቶ በሩብ ሰዓት የሚቀልጠውን ነው። ለእነሱ በረዶ ለስላሳ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ወራት ይቆያል። መጀመሪያ ቀን ጂንስ ለብሼ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ ወደቅኩ፣ ጂንሱ ራሰ፣ ቀጥሎ በብርዱ ግትር አለ፤ እንደ እንጨት። ጥጥ ነገር አትልበሱ። ጸሐይ ደግሞ ጥቁር ቆዳ አያቃጥልም ያላችሁን አትስሙ፤ አዲስ የወረደ በረዶ የጸሐዩን ጨረር አብዛኛውን ወደ ፊታችሁ ይመልሰዋል። አፍንጫዬ ተላጠ። መነጽር ያላደረገች ባልደረባዬ አንድ ቀን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝታለች።

ስኪ የሚያከራየው ሱቅ ክብደት ይጠይቃችኋል። አትዋሹ! ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ተማሪዎቼ ነበሩ፣ 69 ኪሎ ሆኜ 58 አልኩ። ስኪውን ከጫማው የሚያስረው ነገር የሚጠብቀው በክብደት ነው፤ ስትወድቁ እግራችሁ ሳይሰበር እንዲፈታ። ለ58 ኪሎ ስለተስተካከለ ዞር ባልኩ ቁጥር ይፈታብኛል፣ አንዱ ስኪ ቁልቁል ብቻውን ይሄዳል። ክብደትን ጨምሮ መዋሸት ደግሞ የባሰ ነው፤ አይፈታም፣ ጉልበት ይበጠሳል።

ጓደኛ አያስተምራችሁ። ጥሩ ስኪ የሚችል ባልደረባ «ቀላል ነው፣ ተከተይኝ» ብሎ ቀይ መስመር ላይ ይዞኝ ወጣ። እዚያ አገር ሰማያዊ ቀላል ነው፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ከላይ ሆኜ ሳይ የእንጦጦ ገደል መሰለኝ። ስኪውን ተሸክሜ በእግሬ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ የስምንት ዓመት ልጆች እያለፉኝ። ለሁለት ቀን አስተማሪ ክፈሉ። ደንቡንም እወቁ፤ ከታች ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፣ ከላይ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው።

«ሐበሻና ስኪ ምን አገናኘው» ለሚላችሁ ደግሞ፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር በክረምት ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል በሉት።

እሁድን አለመቁጠር

ነፃ የሆናችሁበት እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ያልገዛ ጾሙን ያድራል። የግማሽ ዋጋ የባቡር ካርድ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አውጡ፤ እኔ አራት ወር ሙሉውን ከፍያለሁ፣ ሳስበው ያመኛል። ወደ ተራራው የምትወጣዋን የመጨረሻ ትራንስፖርት ሰዓትም እወቁ። ለገጣፎ ቢመሽባችሁ ከመገናኛ አንድ ሚኒባስ «ሃያ ብር ጨምሩ» ብሎ ያደርሳችኋል። እዚያ የሚጨመርለት የለም፣ ሄዷል ሄዷል። የመኖሪያ ፈቃዱ ካርድ ከፓስፖርት ጋር ሌሎቹን የሼንገን አገሮች ያስጎበኛል፤ ለንደን ግን ሼንገን አይደለችም። ጓደኛዬ ትኬት ገዝቶ አየር ማረፊያ ላይ ነው ያወቀው።

ስኪውን ይዞ መምጣት

የመጨረሻዬ ይህ ነበር። አሮጌ ስኪ ገዝቼ ነበር፣ ስመለስ መጣል አሳዘነኝ። ለሻንጣው ከፈልኩ። ቦሌ ላይ ፈታሹ አገላብጦ አየና «ምንድን ነው፣ የአንቴና?» አለኝ። አሁን ሁለቱ ስኪዎች የማድቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ እንዳይወስደው ተጭነውታል። ዱላዎቹ እናቴ ጋ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለችውን ክብ ፕላስቲክ አንስታ ሽቦ አስራበት ኮክ ታወርድበታለች። ከበፊቱ እንጨት ይሻላል ትላለች፣ ቀላል ነው፣ አይሰበርም።