ከዩኒቨርሲቲ የተወገዱ ኮምፒውተሮችን አድሶ መሸጥ

አዳማ ላይ የአሮጌ ኮምፒውተር ሳጥን ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው አቧራ ነው። ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ወረቀቱን ጨርሱ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር በቋሚ ንብረት መዝገብ የሰፈረ የሕዝብ ሀብት ነው፤ አንድ ኃላፊ «ውሰዱት፣ ቦታ ያዘብን» ስላለ ብቻ ከግቢ አይወጣም። እንዲወገድ ተወስኖ በጨረታ መሸጡን የሚያሳይ ሰነድ በእጃችሁ ይኑር።

ከተረከባችሁ በኋላ በሞዴል ለዩአቸው። የዩኒቨርሲቲ ዕቃ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለቤተ ሙከራ በአንድ ጊዜ ብዙ ተመሳሳይ ማሽን ስለሚገዛ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል። ሁሉንም ላድን ብሎ ገንዘብ ከማፍሰስ ሦስት ብልሹዎችን ፈትቶ ሁለት ደህና ማውጣት ይሻላል።

ቀጥሎ ሃርድ ዲስኩ። የተማሪ ውጤት፣ የፈተና ጥያቄ፣ የደመወዝ ዝርዝር ሊኖርበት ይችላል። ፋይል መሰረዝም ሆነ ፈጣን ፎርማት መረጃውን አያጠፋም። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ዜሮ መጻፍ ይበቃል፤ ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል ለሌለው ፈጣን ዲስክ) ግን የራሱን የማጥፊያ ትእዛዝ ተጠቀሙ። የማይነበብ ዲስክ አይሸጥም፤ በመሰርሰሪያ ይበሳል። በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

አሁን ጽዳት። አቧራውን ደጅ አውጥታችሁ ንፉ፤ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ በንፋስ ግፊት ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። የራሙን (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን ካርድ) የነሐስ ቀለም ያለው ጥርስ በላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት «ሞቷል» የተባለን ማሽን አንዳንዴ ያስነሳል። ሰዓቱ የሚዛባበት ከሆነ ሳንቲም የሚመስለውን ሲአር2032 ባትሪ ቀይሩ። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (በርሜል መሰል ትንንሽ ክፍሎች) ካያችሁ ማሽኑን ለመለዋወጫ አስቀምጡት። ሶኬት ከመሰካታችሁ በፊት የፓወር ሰፕላዩን (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ጀርባ ተመልከቱ፤ ቀዩ መቀየሪያ 115 ላይ ከሆነ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል።

ገንዘብ የምታወጡበት ከሆነ ኤስኤስዲ ላይ አውጡ፤ ገዢው ልዩነቱን ሲከፍተው ያያል። ራም ስትጨምሩ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች አይገጣጠሙም፤ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ በሜምቴስት (ራም በሚፈትሽ ፕሮግራም) ፈትሹት።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፎችን የሚይዝ ክፍል) እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከዚያ በታች ላለው ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ጫኑ፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት በቂ ነው። በተሰበረ (ክራክ በተደረገ) ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው።

ስትሸጡ የፕሮሰሰሩን ትውልድ፣ የራሙን መጠንና የታወቀ ጉድለቱን በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ ደረሰኙም ላይ የመለያ ቁጥሩን ጻፉ። አጭርም ቢሆን ዋስትና ስጡ። ለዋጋው ተመሳሳይ ሞዴል ከተማው ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁና የቀየራችሁትን ዕቃ ወጪ አስቡ። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ ካጋጠማችሁ አትብሱት፣ ቻርጅም አታድርጉት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ ለብቻው አስቀምጡት።