ላይቭ ቪው በጨለማ ሲያስቸግር፦ ከደሴ አዳራሽ እስከ ሐረጎ ቁልቁለት

ማታ ደሴ አዳራሽ ገብተው ላይቭ ቪው (የሚያነሱትን ነገር በካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ የሚያሳየውን) ሲከፍቱ ስክሪኑ ወይ ድርግም ይላል፣ ወይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ ወይ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ እየተጎተተ ይከተለዋል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ አይኤስኦውን፣ ማለትም ምስሉን የሚያደምቀውን ቁጥር፣ ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ካሜራዬ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ጋ የሚወስድም አለ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩ፦ ችግር ያለበት ስክሪኑ ነው ወይስ ፎቶው?

መጀመሪያ አንድ ፎቶ ያንሱ

ካሜራውን ኤም (ማንዋል) ላይ ያድርጉ፤ አይኤስኦ 1600፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ሌንሱ እስከፈቀደው ድረስ ክፍት። አንድ ፎቶ አንስተው ስክሪኑ ላይ ከሚያዩት ጋር ያስተያዩት። ፎቶው ደህና ከሆነ የሚስተካከለው ማሳያው ብቻ ነው። ፎቶውም ከጨለመ ብርሃኑ አንሷል ማለት ነው። ፍርዱን ለዓይንዎ ሳይሆን የፎቶውን ጨለማና ብርሃን በግራፍ ለሚያሳየው ሂስቶግራም ይስጡ፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ስክሪን ከሆነው በላይ ደምቆ ይታያል፣ ቤት ሲደርሱ ፎቶው ጨልሞ ያገኙታል።

ልዩነቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ላይቭ ቪው በሰከንድ 30 ያህል ምስል ሲያሳይ፣ ለአንዱ ምስል ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ ቢበዛ 1/30 ሰከንድ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካለው ከሐረጎ ላይ ቁልቁል የኮምቦልቻን መብራት በ10 ሰከንድ ሹተር ቢያነሱ፣ ፎቶው ብርሃን የሚሰበስበው 300 እጥፍ ለሚረዝም ጊዜ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ያ ሁሉ ነጠብጣብ ካሜራው ትንሿን ብርሃን በግድ ሲያጎላ የሚፈጠር ስለሆነ፣ ፎቶው ላይ እንዲያ ሆኖ አይወጣም። የሚጎተተው ምስልም እንዲሁ ነው፤ አንዳንድ ካሜራዎች ለማድመቅ ሲሉ በሰከንድ የሚያሳዩትን የምስል ብዛት ይቀንሳሉ።

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ

ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በፍላሽ ሲሠሩ ነው። ለፍላሹ ብለው ሹተር 1/160፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100 ሲያደርጉ፣ ካሜራው ፍላሹ ሳይበራ ፎቶው ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ያ ደግሞ ጨለማ ነው። ካሜራው የራሱን ፍላሽ ከለየ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን በራሱ ያደምቀዋል። ርካሽ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያበራ መሣሪያ) ሲገጠምበት ግን ፍላሽ መኖሩን አያውቅም።

መፍትሔው የኤክስፖዠር ማስመሰያውን፣ ማለትም ስክሪኑን የፎቶውን ድምቀት አስመስሎ እንዲያሳይ የሚያደርገውን፣ ማጥፋት ነው። በካኖን «ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን» የሚለውን ዲሴብል ያድርጉ። በሶኒ «ላይቭ ቪው ዲስፕሌይ» ውስጥ ገብተው «ሴቲንግ ኢፌክት ኦፍ» የሚለውን ይምረጡ። በፉጂፊልም ማንዋል ሞድ ላይ ኤክስፖዠርና ዋይት ባላንስን አስቀድሞ የሚያሳየውን «ፕሪቪው» ኦፍ ያድርጉ። ፍላሹን ሲያወርዱ መልሰው ማብራቱን አይርሱ፤ ከጠፋ ስክሪኑ ሁልጊዜ ደማቅ ስለሚሆን ፎቶው ምን ያህል እንደጨለመ አይነግርዎትም።

አነስ ባሉት የካኖን ሞዴሎች ሜኑ ላይ ይህ ላይገኝ ይችላል። ያኔ መዘውሩን ወደ ፒ (አውቶማቲክ) አዙረው ፍሬሙንና ፎከሱን ይጨርሱ፣ ሌንሱን ኤምኤፍ (ፎከስ በእጅ) ላይ ያድርጉት፣ ከዚያ ወደ ኤም ይመለሱ። ካኖን ላይ «ኤክስፕ ሲም» የሚለው ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ አይደንግጡ፤ ብርሃኑ አንሶኛልና ስክሪኑን በትክክለኛው ድምቀት ላሳይ አልቻልኩም እያለ ነው፤ ፎቶው በሞሉት ቁጥር መሠረት ይነሳል።

ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ካለ

ትልቁ ራስ ምታት ይሄኛው ነው። በላይቭ ቪው ካሜራው ፎከስ የሚያደርገው የጨለማና የብርሃን ድንበር ፈልጎ ነው፤ ድንበር ካጣ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። ነጠላ የለበሰች እናት እያነሱ ነው እንበል። የፎከስ ሳጥኑን ነጩ ጨርቅ ላይ ቢያሳርፉት ሌንሱ ሲንከራተት ይቆያል፤ ጥለቱ ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ ከነጩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቢያደርጉት ቶሎ ይይዛል። ጥለቱ አግድም ተዘርግቶ አሁንም እምቢ ካለ፣ ካሜራውን ትንሽ ያዘንብሉት ወይም ያቁሙት። ብዙ ሴንሰሮች ቁም መስመርን ከአግድም ይልቅ በቀላሉ ያያሉ። ሲይዝ በግማሽ የተጫኑትን የማንሻ ቁልፍ ሳይለቁ ፍሬሙን ይመልሱ።

ሌንሱም ራሱ ወሳኝ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ዙም ሲጎተት ኤፍ 5.6 ይሆናል፤ የ50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ ከሱ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ካሜራውን ከመቀየር በፊት ይህን ሌንስ መግዛት ይሻላል።

የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያነሱ፦ በስልክ ባትሪ ያብሩለት፣ ፎከስ ሲያደርግ ኤምኤፍ ላይ ያድርጉት፣ ባትሪውን ያጥፉት። የሩቅ መብራት ከሆነ ሌንሱን ኤምኤፍ ላይ አድርገው በማጉያው ቁልፍ 10 እጥፍ ያጉሉ፤ ቀለበቱን መብራቷ በጣም እስክታንስ ያዙሩ፣ አልፈው ትልቅ ስትሆን ይመለሱ። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ጥግ ማዞር አይሠራም፤ ብዙ ሌንሶች ከሩቁ ፎከስ አልፈው ይሄዳሉ።

የቆዩ ዲኤስኤልአሮች፣ ለምሳሌ ካኖን 600ዲ እና 60ዲ፣ በላይቭ ቪው ዝግተኛ ናቸው። እነዚህ ላይ «ክዊክ ሞድ» የሚባል አማራጭ አለ፤ መስተዋቱ ለአፍታ ወርዶ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ፎከሱ ከምስሉ ሴንሰር ውጭ ባለው በራሱ የፎከስ ሴንሰር ይሠራና ይመለሳል። ካኖን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከ70ዲ ጋር ዱዋል ፒክስል የተባለውን፣ በምስሉ ሴንሰር ላይ ቶሎ ፎከስ የሚያደርገውን ዘዴ ካመጣ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። እስክስታ ሲደምቅ ግን በአሮጌው ካሜራ ላይቭ ቪውን ትቶ በቪውፋይንደሩ (ዓይን አስጠግተው በሚያዩበት መስኮት) መሃለኛ ነጥብ መሥራት ነው የሚያዋጣው።

ጥቁር መስመር ስክሪኑ ላይ ከተንሸራተተ

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ሸምበቆ አምፖልና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይደበዝዛሉ። ሜኑ ውስጥ ፍሊከር ወይም የቪዲዮ ሲስተም የሚለውን ወደ 50 ኸርዝ ወይም ፓል ይቀይሩ። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ያቁሙት፤ ከ1/100 ከፈጠነ መስመሩ ፎቶው ውስጥም ይገባል።

ብርድ፣ ጉምና ሙቀት

የደሴ ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም ይዞ ይመጣል። ከብርዱ ወጥተው ሰው የሞላበት፣ ወጡ የሚተንበት አዳራሽ ሲገቡ ሌንሱ ላይ ላብ ይሠራል፤ ስክሪኑ ወተት ይመስላል፣ ፎከስም አይይዝም። ይህን በቅንብር ለማስተካከል አይድከሙ። ካሜራውን ከነቦርሳው ዘግተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ሌንሱን በጨርቅ አይጥረጉ፣ በዚያ ሰዓትም ሌንስ አይቀይሩ፤ እርጥበቱ ሴንሰሩ ላይ ይገባል።

ኮምቦልቻ ሲወርዱ ችግሩ ሙቀት ነው። ላይቭ ቪው ለረጅም ጊዜ ክፍት ሲሆን ሴንሰሩ ይግልና ጥቁር ሰማይ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ይወጣሉ። በአንዱ ፎቶና በሌላው መካከል ላይቭ ቪውን ያጥፉት። የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ ማጥፊያውን ካበሩት የ20 ሰከንድ ፎቶ ሌላ 20 ሰከንድ ያስጠብቃል፤ ካሜራው «ቢዚ» ሲል ባትሪውን እንዳያወጡ። ላይቭ ቪው ባትሪ በላተኛ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ትርፉን ባትሪ ከኮትዎ ውስጥ ኪስ፣ ገላዎ አጠገብ ይያዙት።