ጉበት ለሚቀየርለት ቤተሰብ፦ ብልቃጡን ከመክፈታችሁ በፊት

አጎቴ ጉበቱ ሊቀየርለት ወደ ሕንድ ለመሄድ ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን፣ ቱሉ ዲምቱ ያለው ኮንዶሚኒየማችን በብልቃጥ ተሞላ። ቫይታሚን ኢ። የአረንጓዴ ሻይ እንክብል። አንድ ኪሎ የሽፈራው ዱቄት። ያመጣው ሁሉ «አንቲኦክሲዳንት ነው፣ ጉበት ይጠብቃል» ይላል። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ነገሩ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። የከሰል ምድጃ አስቡ። ፍሙ አመድ ለብሶ ያድርና ጠዋት ስታራግቡት ብልጭታው ይረጫል። ጉበትም ከለጋሹ ወጥቶ ደም ሲቋረጥበት ኦክስጅን ያጣል፣ ጉልበቱ ይሟጠጣል፣ ሴሎቹ ውስጥ ዝቃጭ ይጠራቀማል። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ግን በታማሚው ሆድ ተሰፍቶ ደም ሲለቀቅበት ነው። ኦክስጅኑ በአንዴ ሲገባ ፍሪ ራዲካል የሚባሉት፣ ሴሉን የሚጎዱ ብልጭታዎች ይነሳሉ።

ብልጭታውን የሚያጠፋው አንቲኦክሲዳንት የሚፈለገው እዚያ ላይ ነው። ጉበቱ የሚታጠብበትና የሚቀመጥበት ፈሳሽ አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፈሳሽ ግሉታታዮንና አሎፑሪኖል አሉበት፤ ግሉታታዮን ብልጭታውን ያጠፋል፣ አሎፑሪኖል ብልጭታው ከሚነሳባቸው መንገዶች አንዱን ይዘጋል። አሎፑሪኖል ያው ለሪህ የሚታዘዘው መድኃኒት ነው። ጉበቱ በፈሳሹ ውስጥ ሆኖ 4 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል። ይቀዘቅዛል እንጂ በረዶ አይሠራም። ፍሪዘር የከረመ ሥጋ ሲቀልጥ ውሃ ሲተፋ አይታችሁ የለ? ሴሉ ስለፈረሰ ነው።

ሐኪሙ ጋ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ። ጉበቱ ስንት ሰዓት ያለ ደም ይቆያል? በየትኛው ፈሳሽ? በበረዶ ሳጥን ነው ወይስ ኦክስጅን ያለው ፈሳሽ የሚያዘዋውር ማሽን አላችሁ? ኤን-አሲቲልሲስቲን ትሰጣላችሁ? ይቺ የመጨረሻዋ በፓራሲታሞል ለተመረዘ ሰው የምትሰጥ ናት፤ ጉበት የራሱን ግሉታታዮን እንዲሠራ ታግዛለች። በንቅለ ተከላ ላይ ግን ጥናቶቹ አንድ ዓይነት መልስ ስላልሰጡ «አንሰጥም» ቢሏችሁ አትደንግጡ። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ከሆነ ሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች ተቀናጅተው ስለሚሠሩ ጊዜው ያጥራል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ትልቁ ሥራ የለጋሹ ነው። ስብ የያዘ ጉበት የደም መቋረጡን አይችለውም። የኛ ለጋሽ የአጎቴ ልጅ ነበር፣ «ትንሽ ስብ አለበት፣ ክብደት ቀንስ» ተባለ። ቢራውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ በአደባባዩ ዙሪያ ይራመዳል፤ ጅቦቹ ሳይገቡ ነው የሚወጣው እያልን እንስቅበት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ምርመራው «ይሆናል» አለ።

ብልቃጦቹን ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፣ ከዚያ በፊት አንዱንም አትክፈቱ። አረንጓዴ ሻይ በስኒ ሲጠጣ ችግር የለውም፤ ተጨምቆ እንክብል ሲሆን ግን ጤነኛ ጉበት ጎድቶ ያውቃል። ከንቅለ ተከላው በኋላማ ይብሳል። ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይገፋው የሚሰጠው ታክሮሊመስ ከብዙ ነገር ጋር ይጋጫል፤ ግሬፕ ፍሩት እንኳ ደም ውስጥ ያለውን መጠን ከልክ በላይ ያወጣዋል። ጥሬ ሥጋም ይቅር፣ በዓልም ቢሆን።

የሽፈራው ዱቄቱን ጎረቤታችን እማማ ቅር እንዳይላቸው አመስግነን ተቀበልን። አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ አለ፣ ሳይከፈት።